የጃካርታው «ቪዲዮ»፦ ሲኔትሮን፣ ዳንግዱትና እግር ኳስ በአንድ መተግበሪያ

ኢምቴክ የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ንብረት የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የኢንዶኔዥያው «ቪዲዮ» (በላቲን ፊደል Vidio፤ በአማርኛ ሲጻፍ ከተራው «ቪዲዮ» ስለማይለይ ስሙ ራሱ ለጸሐፊ ፈተና ነው) እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ የውጭ አገልግሎቶች በገቡበት ገበያ የራሱን ተመልካች ይዞ መዝለቅ የቻለ፣ ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳይ የአገር ውስጥ አገልግሎት ነው። ዋናው ጉልበቱ፣ በእኔ ግምት፣ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ከቤተሰቡ የመነጨ ነው፤ ኤስሲቲቪና ኢንዶሲያር የተባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እህት ድርጅቶቹ በመሆናቸው፣ ሕዝቡ ለዓመታት ማታ ማታ ሲከታተላቸው የኖሩት ሲኔትሮን የሚባሉት ተከታታይ ድራማዎችና ዳንግዱት የተባለው የአገሬው ተወዳጅ ሙዚቃ የዘፈን ውድድሮች ከሳሎን ወደ ስልክ የተሸጋገሩት ብዙም ሳይቸገሩ ነው።

ሲኔትሮኖቹ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ክፍሎቻቸው ወደ መቶዎች ይደርሳሉ፣ አንዲት የአማት ቁጣ ብቻዋን ብዙ ምሽት ልትፈጅ ትችላለች፤ ለዚህም ነው አገልግሎቱ ራሱ የሚያሠራቸውን አጫጭር ተከታታይ ድራማዎች የምመርጠው፤ የተሻለ ቀረጻና ቶሎ የሚራመድ ታሪክ አላቸውና።

በነጻ የሚታየው ክፍል ከማስታወቂያ ጋር ይመጣል። ከ2022 የውድድር ዘመን ጀምሮ የተጨመረውን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለማየት ግን ክፍያ ያስፈልጋል፤ ስርጭቱም ለኢንዶኔዥያ የተገደበ ስለሆነ ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ለጨዋታው ሲል ባይመዘገብ ይሻለዋል።