«የ1934 ሪከርድ» እየተባለ የሚሸጠውን የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር ተጠንቀቁ

የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር የምትሰበስቡም፣ ለልጅ ስጦታ ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ኦንላይን ላይ አንድ ስብስብ በየቦታው እየተለጠፈ ነው። «ፍላይንግ ስኮትስማን፣ የ1934 የፍጥነት ሪከርድ፣ ለሙዚየም የሚበቃ ትክክለኛነት፣ ሊሚትድ ኤዲሽን» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ አንድ ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስና ተራ ቁጥር የተጻፈበት ሰርተፊኬት አለ። ዋጋው 189 ፓውንድ ነው። አትግዙት።

የሻጩን ስም አልጠራም። የሚጠቅማችሁ ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር አንድ ወዳጄ ለልጁ ልደት ገዝቶት አብረን ከሳጥኑ አውጥተን አንድ በአንድ አይተነዋል። የምነግራችሁ በእጄ ይዤ ያየሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሎኮሞቲቩ ልጀምር። ፍላይንግ ስኮትስማን ናይጅል ግሬስሊ የነደፈው፣ በ1923 ዶንካስተር ውስጥ የተሠራ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። በ1934 ኖቬምበር 30 ቀን በሰዓት 100 ማይል መሮጡ በይፋ ተረጋገጠለት። ሳጥኑ 1934 ካለ ውስጡ ያለው ሞዴል የዚያን ዓመት መልክ ሊኖረው ይገባል። የዚያን ጊዜ ሎኮሞቲቩ የነበረው ነጠላ ጭስ ማውጫ ነው። ይኼኛው ግን ድርብ ነው። ከፊት ግራና ቀኝ ደግሞ ጭሱን ከነጂው ዓይን የሚያርቁ ሁለት ቆርቆሮዎች ቆመውበታል። ድርቡ ጭስ ማውጫ የተገጠመለት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቆርቆሮዎቹ የመጡት በ1961 መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ሎኮሞቲቩ የመንግሥቱን የባቡር ድርጅት፣ የብሪቲሽ ሬይልዌይስን፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ ቁጥሩም 60103 ነበር። ሞዴሉ ላይ ያለው ፈካ ያለ የአፕል አረንጓዴና 4472 የሚለው ቁጥር ግን ከዚያ በፊት ባቡሩን ያንቀሳቅስ የነበረው የኤልኤንኢአር ኩባንያ ዘመን ናቸው። ባጭሩ የ1934ን ቀለም ወስደው በ1961 አካል ላይ ቀብተውታል።

ሌላም ምልክት አለ። ሎኮሞቲቩ በ1947 ቦይለሩ ተቀይሮ ከኤ1 ወደ ኤ3 ዓይነት ሲዛወር፣ ከፊት ባለው የጭስ ሳጥን በሁለቱም ጎን ትንንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሽፋኖች ወጡለት። የ1934ቱ ላይ እነዚህ ሊኖሩ አይችሉም። ሞዴሉ ላይ ግን አሉ።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሎኮሞቲቩ ጡረታ ከወጣና ለቅርስነት ከተያዘ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ 4472 ቁጥሩንና የአፕል አረንጓዴውን ይዞ ድርብ ጭስ ማውጫ አድርጎ ሮጧል። ሞዴሉን «የቅርስ ዘመን ፍላይንግ ስኮትስማን» ብለው ቢሸጡት ብዙም ባልተናገርኩ ነበር። የሸጡት ግን 1934 ብለው ነው። ሰው 189 ፓውንድ የሚከፍለው ለዚያ ዓመት ነው።

ከጎን ስታዩት ደግሞ ሌላ ነገር ይታያችኋል። እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ትልልቆቹን ጎማዎች ከሚያያይዘው ዘንግ በላይ የእንፋሎቱን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠሩ ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። ሲሄድ ሁሉም በየራሳቸው ይወዛወዛሉ፤ የእንፋሎት ባቡር ውበቱ ግማሹ እሱ ነው። ሞዴሉ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ዘንጎች ብቻ ናቸው ያሉት። የእጅ መያዣዎቹ ከሽቦ አልተሠሩም፤ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹ መስመሮች ናቸው። የስሙ ሰሌዳ ስቲከር ነው፤ ጥፍሬን አስጠግቼ ሳየው ጠርዙ ተነስቷል። እንዲህ ያለ ቀለል ያለ ሥራ በራሱ ነውር የለውም። ታዋቂ አምራቾችም ለልጅ የሚሆን፣ ዝርዝሩ የቀነሰ፣ ዋጋውም የቀነሰ ሞዴል ይሠራሉ፤ ግን ቀለል ያለ መሆኑን ይናገራሉ፣ በዚያው ልክ ያስከፍላሉ። የልጅ መጫወቻን በሙዚየም ዋጋ መሸጥ ነው ማጭበርበር።

ፉርጎዎቹ እንደ ቲክ እንጨት ቡናማ ተቀብተዋል። ቅርጻቸው ግን ከ1951 ጀምሮ የተሠራው የብሪቲሽ ሬይልዌይስ ማርክ 1 ነው፤ ጎኑ ለስላሳ ብረት የሆነው። የ1930ዎቹ የግሬስሊ ፉርጎ ጎኑ በእንጨት ጠርዝ የተከፋፈለ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ እንኳ ይታወቃል። ቀለም መቀባት ዘመን አይቀይርም።

በጣም ያናደደኝ አውቶቡሱ ነው። ሩትማስተር ነው፣ የለንደኑ ታዋቂ ቀይ ባለ ፎቅ። ሩትማስተር ለመጀመሪያ ጊዜ መንገደኛ የጫነው በ1956 ነው፤ ከሪከርዱ 22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይሁን፣ ለጌጥ የተጨመረ ነው እንበል። ከኋላ ያለውን ክፍት መሳፈሪያ ግን ተመልከቱ። እንግሊዝ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ስለሆነ የእግረኛው መንገድ ከአውቶቡሱ በስተግራ ነው። መሳፈሪያውም በግራ ነው። የዚህኛው በቀኝ ነው! ትንንሾቹን ሰዎች እዚያ ላይ ብታቆሟቸው የሚወርዱት መኪና መሃል ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሠራም።

ማስመሪያ አምጥተን ለካነው። ርዝመቱ 127 ሚሊሜትር ሆነ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ልኬት 1፡76 ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። መደበኛው ሩትማስተር 8.38 ሜትር ነው፤ ለ76 ሲካፈል 110 ሚሊሜትር ይመጣል። ረጅሙ ዓይነት 9.14 ሜትር ነው፤ እሱም 120 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 127 ከሁለቱም አይገጥምም። ልኬቱ ወደ 1፡66 የተጠጋ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግን 1፡76 ነው። ከሎኮሞቲቩ አጠገብ ስታቆሙት አውቶቡሱ ባቡሩን የሚያክል ይመስላል።

ይህ የማስመሪያ ነገር እንዳያመልጣችሁ፤ መኪና ለብቻው ስትገዙም ይሠራል። የድሮዋ ሚኒ ርዝመቷ 3.05 ሜትር ነው። በ1፡76 አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ በ1፡43 ሰባት ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ብዙ የመጫወቻ መኪኖች ለሳጥኑ እንዲመቹ ተብለው ነው የሚሠሩት። ጭነት መኪናውም ትንሿ መኪናም እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል። ሻጩ «ለኦኦ ባቡር ይሆናል» (ኦኦ በእንግሊዝ የተለመደው የ1፡76 ሞዴል መጠን ነው) ካላችሁ ርዝመቱን በሚሊሜትር ጠይቁት፣ የእውነተኛውን ርዝመት ፈልጉ፣ አካፍሉ። አልናገርም ካለ እለፉት።

ሳጥኑ ላይ «መቶ በመቶ ትክክለኛ ልኬት» የሚል ማኅተምም አለ። ይህ ደግሞ ኦኦ በሚባለው መጠን ጨርሶ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ኦኦ ሞዴሉ ራሱ በ1፡76 ይሠራል፤ ሐዲዱ ግን 16.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። እውነተኛው ሐዲድ 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ በ1፡76 ቢያንስ 18.8 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። ምክንያቱ የቆየ ነው። የእንግሊዝ ባቡር ከሌላው አውሮፓ ባቡር ጠበብ፣ አጠር ይላል። በድሮ ጊዜ የነበረው ሞተር በአውሮፓው 1፡87 ልኬት በተሠራ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ አካሉን አሳደጉት፣ ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። እስካሁንም እንደዚያው ነው። ይህን የማይወዱ ሰዎች ኢኤም በሚባለው 18.2 ሚሊሜትር ወይም ፒ4 በሚባለው 18.83 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሠራሉ፤ ጎማውን ሁሉ እየቀየሩ፣ በብዙ ትዕግሥት። ኦኦ መግዛት ምንም ችግር የለውም፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። ግን 16.5 ሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንግሊዝ ባቡር «መቶ በመቶ» ካሉ፣ ወይ አያውቁም ወይ እናንተ አታውቁም ብለው ነው።

«ዲሲሲ ሬዲ» የሚለውም እንዳያሳስታችሁ። በዲጂታል የሚነዳ ማለት አይደለም፤ መሰኪያው አለ ማለት ብቻ ነው። ዲጂታል ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩን የሚነዳውን ትንሽ ቺፕ፣ ዲኮደሩን፣ ለብቻው ትገዛላችሁ። ዲኮደሩ ገብቶ የሚመጣው «ዲሲሲ ፊትድ» የሚለው ነው።

ሰርተፊኬቱስ? «ከ5000 አንዱ» ይላል። ማን እንደቆጠረው፣ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። ስንት እንደተሠራ ቢነግራችሁም በትክክል መሠራቱን አይነግራችሁም። ለዚያ ወረቀት ተጨማሪ አምስት ፓውንድ አትክፈሉ።

እንዴት እንደምትለዩ ልንገራችሁ። ቀን ያለው ፎቶ ፈልጉ። የፍላይንግ ስኮትስማን ፎቶ ሞልቷል፤ ሎኮሞቲቩ ራሱ ከ2004 ጀምሮ የብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ንብረት ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዓመት ያዙና የዚያን ዓመት ፎቶ ከሞዴሉ ፎቶ ጎን አድርጉ። መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን እዩ፣ ከዚያ ቁጥሩንና ቀለሙን፣ ከዚያ ከሰልና ውሃ የሚጭነውን ተንደር። በ1928 ለዚህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ውስጡ መተላለፊያ ያለው ተንደር ተሠርቶለታል፤ ከለንደን ኤድንብራ ሳይቆሙ ሲሄዱ ሠራተኞቹ በዚያ እያለፉ እንዲቀያየሩ። ስለዚህ ተንደሩም ዘመን ይናገራል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሥዕል በኮምፒውተር የተሠራ ከሆነ የራሱን የዕቃውን ፎቶ ጠይቁ፣ ከሁለቱም ጎንና ከሥር።

ከሥር ያልኩት ያገለገለ ለምትገዙ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች የሥር አካላቸው የተሠራው ከዚንክ ቅይጥ ብረት ነው። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከገባበት ከዓመታት በኋላ ራሱን በራሱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይፈረካከሳል። መድኃኒት የለውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ብቻ ሳይሆን በቅርብ ዓመታት በተሠሩትም ላይ ታይቷል። በባትሪ መብራት ብረቱን እዩት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም አካሉ ጫፍ ላይ በደንብ አልገጥም ብሎ ከተነሳ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝ አገር መብት አላችሁ። ከነጋዴ ኦንላይን የተገዛ ዕቃ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሐሳባችሁን ቀይሬአለሁ ማለት ትችላላችሁ። ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን ትጠይቃላችሁ። ነጋዴ ካልሆነ ሰው ስትገዙ መብታችሁ ይጠብባል፤ እሱም ቢሆን ግን የገለጸውን ነገር ነው ማስረከብ ያለበት። ስለዚህ የማስታወቂያውን ገጽ ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና በክሬዲት ካርድ በቀጥታ ለሻጩ ከከፈላችሁ፣ ካርዱን የሰጣችሁ ድርጅትም አብሮ ይጠየቃል። ወደ ግል ሒሳብ አስተላልፉልኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙ።

ወዳጄ ሻጩን ሲጠይቀው መጀመሪያ ያገኘው መልስ «ይህ ለመደርደሪያ ጌጥ ነው፣ ማንም እንዲህ ተጠግቶ አያየውም» የሚል ነበር። «ለሙዚየም የሚበቃ» የሚለውን የራሱን ማስታወቂያ ስክሪንሾት፣ የአውቶቡሱን ፎቶ ከማስመሪያ ጋርና የሕጉን ስም አድርጎ ሲልክለት ገንዘቡን መለሰ። የመመለሻ ፖስታውንም ሻጩ ነው የከፈለው፤ እናንተም ይህን ጠይቁ።

ስብስቡ ሰሞኑን እንደገና ወጥቷል። ርዕሱ ተቀይሯል፣ 1934 የሚለው ወደ «1930ዎቹ ወርቃማ ዘመን» ሆኗል፣ ዋጋውም 20 ፓውንድ ጨምሯል። ፎቶው ያው ነው። መሳፈሪያው በቀኝ የሆነ ሩትማስተር ካያችሁበት ያ ዕቃ ነው።