በሣር ምትክ የተከልናቸው ሦስቱ ተክሎች፦ ጦስኝ፣ ክሎቨር እና ዲኮንድራ

ግቢያችን 60 ካሬ ሜትር ያህል ሣር ነበረው። ውሃ በፈረቃ በሚደርሰን የአዲስ አበባ ሰፈር ይህን ሣር በጋውን አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል፤ በሳምንት የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ለማጠጣት 1,200 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፣ ይህም አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አራግፎ አሁንም የሚጎድል ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ኪኩዩ የሚባለው ይኸው ሣር፣ ማጨዱ ትንሽ ከዘገየ፣ መሬት ለመሬት በሚሳበው ግንዱ የጎመን መደባችንን ይወርር ነበር። ስለዚህ ካቻምና ሰኔ ላይ ሣሩን አስነቅለን ቦታውን ለሦስት ከፈልነው፤ ለየክፍሉም ከአንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የተለያየ ተክል ገዛን።

በመጀመሪያ ደረጃ የማስቀምጠው ጦስኝን ነው። በደጋችን በዱር የሚበቅል፣ ብርዱንም ፀሐዩንም የለመደ ተክል በመሆኑ ከመዲናዋ አየር ጋር ለመላመድ አልተቸገረም፤ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ግን ይበሰብሳል። የእኛ አፈር ውሃ የሚቋጥር መረሬ ስለሆነ መደቡን ከፍ አድርገን አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ቀላቀልንበት፤ ይህን ባላደረግንበት ጥግ የተተከሉት በነሐሴ ዝናብ ጠፉ። በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተተከሉት ችግኞች ተገናኝተው መሬቱን የሸፈኑት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አረሙን በእጅ መንቀል ግድ ስለነበረ፣ ሻጩ «ተክላችሁ እርሱት» ያለን ከእውነት የራቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በበጋ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ማጠጣት በቅቶታል፣ መቀስም የሚነካው አበባው ሲረግፍ ብቻ ነው። አማቴ ለሻይ ስለሚቀነጥቡት አንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ የተከረከመ ይመስላል።

በሻጩ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ከ40ዎቹ ችግኞች 11ዱ በመጀመሪያው ወር ሲደርቁ ነቅለን ብናያቸው ሥራቸው የተቆራረጠ ነበር፤ ስንጠይቀውም በችግኝ ጣቢያ የፈሉ ሳይሆኑ ከተራራ ተነቅለው በፕላስቲክ የተሞሉ መሆናቸውን አመነ። ጦስኝ በየገበያው ለቅመምነት በብዛት የሚለቀም በመሆኑ ከነሥሩ መነቀሉ ለዱሩም ጉዳት ነው። ገዢ የሆነ ሁሉ ከቁራጭ ግንድ የተባዛ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እኛም የሞቱትን የተካነው ከራሳችን ተክል ቆርጠን በማባዛት ነው።

ልጆች በሚጫወቱበት መካከለኛ ክፍል ላይ የማገጥ ዘመድ የሆነውን ነጩን ክሎቨር በዘር ዘራን። ከሦስቱ ወጪው ትንሹ፣ ለመሸፈንም ፈጣኑ እርሱ ሲሆን፣ በሥሩ እጢዎች ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝ ዩሪያ አልጠየቀንም። መረገጥን ከጦስኙ በተሻለ ይችላል፤ ሆኖም ኳስ በሚመታበት ቦታ ተመልጧል። የካቲት ላይ ውሃ ስናሳንስበት ጠውልጎ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ግን አገገመ። አበባው ንብ ስለሚጠራ በባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ ያለው ቤት አበባው ሳይበዛ ቢያሳጭደው ይሻላል፤ የእኛ ትንሹ አንዴ ተነድፎ ከተማረ በኋላ ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀምሯል።

ዲኮንድራን የተከልነው ከግድግዳው ሥር፣ ጥላ በሚያጠቃው ክፍል ነው። ክብ ትናንሽ ቅጠሎቹ ለዓይን ከሁሉም ያምራሉ፤ ይሁን እንጂ በደረቁ ወራት ከሣሩ ያልተናነሰ ውሃ ጠጣ፣ ወደ ልብስ ማስጫው የምንመላለስበት መስመርም ላይ አንድ ቅጠል አልቀረም። በዋጋውም ከሦስቱ ውዱ ስለነበረ ደግሜ አልገዛውም። በሚመጣው ሰኔ መመላለሻው ላይ ድንጋይ አንጥፈን፣ ከግድግዳው ሥር የቀረውን ብቻ እንተወዋለን።