ከጆሮ እስከ ጆሮ፦ ባለ 38 ሚሊ ሰዓቴ ከ11 ወር በኋላ

በፊት የማስረው የእጅ ሰዓት ስፋቱ 44 ሚሊሜትር ነበር። የማን ስሪት እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ሳይሆን የእኔ ነው። ፎቶው ላይ ያየሁት ሰውዬ ክንዱ የቤት ምሰሶ ያክላል። እሱ እጅ ላይ አምሮ ነበር። እኔ እጅ ላይ ሲወጣ ግን ታናሽ ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና "የግድግዳውን ሰዓት አውርደህ ነው እንዴ ያሰርከው?" አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ግን ገባችኝ።

እልህ ይዞኝ ሁለት ዓመት አሰርኩት። የማሰሪያው የመጨረሻ ቀዳዳ እንኳ አላጠብቅ ስላለኝ ምስማር አግዬ አንድ ተጨማሪ በሳሁ። በር ከፍቼ በወጣሁ ቁጥር ከእጀታው ጋር ይጋጫል። የሸሚዜ እጅጌ አያስገባውም፤ በዚያ በኩል ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ክፍት ነው። ከሁሉ የባሰችው ግን የመሙያ ቁልፏ ነበረች፤ ያቺ ጎኑ ላይ ያለችው፣ ጠቋሚዎቹን የምታዞረው ክብ ነገር። መሬት ተደግፌ ስነሳ የእጄን ጀርባ ትወጋኛለች። ማታ ሳወልቀው እዚያው ቦታ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቀይ ክብ ታትማ አገኛለሁ።

ከ11 ወር በፊት ተሸነፍኩና ሃሚልተን ካኪ ፊልድ ሜካኒካል ገዛሁ። 38 ሚሊ ናት። (ትልቁን "እሱ"፣ ይቺን "እሷ" ማለት የጀመርኩት ሳላስበው ነው። አማርኛ ራሱ መጠን ይለካል።)

ስለ ራሷ ባጭሩ፦ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥሮች። ቀን የሚያሳይ መስኮት የላትም፣ ባትሪም የላትም። በእጅ ነው የምትሞላው፤ አንዴ ጥግ ድረስ ከሞሏት 80 ሰዓት ያህል ትሄዳለች። እኔ በየሁለት ቀኑ ጠዋት ጫማዬን ከማሰሬ በፊት እሞላታለሁ። መነሻዋ የአሜሪካ ወታደሮች ያስሩት የነበረ ሰዓት ስለሆነ ጌጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስለ ውስጧ ከዚህ በላይ አልልም፤ ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ መጠኗ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አይልም ነበር። ከእህቴ ተውሼ የወጣሁ ያህል ተሰማኝ። ሰዓት ልይ ብዬ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ሰዓቱን ረስቼ "አነሰች እንዴ?" እላለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ አየሁ። እህቴን ጠየቅኳት። "አንተ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ እጅህ አያድግም፤ ተቀበለው" አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጥያቄው ራሱ ጠፋ። መቼ እንደጠፋ እንኳ አላውቅም። አንድ እሁድ ትልቁን ከመሳቢያ አውጥቼ ባስረው የጀሪካን ክዳን ያሰርኩ መሰለኝ። እኮ ሁለት ዓመት ይሄን ይዤ ዞሬያለሁ! ከዚያ ወዲህ አዲስ መጠን ገዝቶ በሁለተኛው ቀን "አነሰ"፣ "በዛ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትንሽ ቆይ ነው የምለው። ዓይን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው፣ ከሰዓቱ ቀፎ ላይና ታች ወጣ ወጣ ያሉ አራት ነገሮች አሉ አይደል? እነሱን ነው ጆሮ የምላቸው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የቀፎውን ስፋት ነው። 38፣ 40፣ 42 እያለ። እኔም እሱን ብቻ ነበር የማውቀው። እጅ ላይ ተኝቶ የሚውለው ግን ከላይኛው ጆሮ ጫፍ እስከ ታችኛው ጆሮ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው።

የእኔ አንጓ ዙሪያው 16.3 ሳንቲሜትር ነው። ቀጭን ወረቀት ጠምጥሜ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ፣ ከዚያ ማስመሪያ ላይ ዘርግቼ ለካሁት። የላይኛው ጠፍጣፋ ቦታ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 51 ሚሊ ነው። ትልቁ ሰዓት ከጆሮ እስከ ጆሮ 52 ነበር። አንድ ሚሊ ብቻ ተረፈ ማለት ነው፤ ግን በቂ ነች። ጆሮዎቹ አንጓዬን አልፈው አየር ላይ ይቀራሉ። ማሰሪያው እጄን ማቀፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በግራና በቀኝ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ እየዞረ ወደ ጎን የሚወድቅብኝም ለካ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ስወቅስ የኖርኩት ማሰሪያውን ነበር።

የአሁኗ ከጆሮ እስከ ጆሮ 47 ናት። በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሚሊ ቆዳ ይታያል። ለእኔ ልክ ነው። ለ38 ሚሊ ሰዓት ግን ረጅም መሆኑን ልናገር። ስፋቷን ብቻ ሰምቶ "ትንሽ ናት" ብሎ የሚገዛት ሰው ሊገረም ይችላል። አንጓው 15 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው ሳይሞክር ባይገዛ ጥሩ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሴይኮ ኤስኬኤክስ 007 የሚባለው የታወቀ የውሃ ጠላቂ ሰዓት ስፋቱ 42.5 ሚሊ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮ ግን 46 ገደማ። በስፋት የእኔዋን በአራት ሚሊ ተኩል ይበልጣታል፣ በርዝመት ደግሞ ያንሳታል! ይሄን ሳነብ አላመንኩም። አንድ ጓደኛዬ ስላለው ለአንድ ቅዳሜ ተዋስኩት። እንደፈራሁት አልሆነም። ጆሮዎቹ አጫጭርና ወደ ታች ጎንበስ ያሉ ስለሆኑ አንጓዬን ጥሩ አድርገው ያዙት። የበዛብኝ ከፍታው ነው። ከ13 ሚሊ ያልፋል፤ እጅጌዬን እንደ ድንኳን ወጥሮት ዋለ።

ውፍረትን እዚህ ላይ ነው ማክበር የጀመርኩት። ካኪዋ 9.5 ሚሊ ናት። በእጅ የምትሞላ መሆኗ ይረዳታል። ራሱን በራሱ የሚሞላ ሰዓት ውስጥ፣ ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚሽከረከር ግማሽ ክብ ብረት አለ። እሱ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። እሷ ያ የለባትም። ልዩነቱ ሲነገር ጥቂት ሚሊ ነው። ሸሚዝ ሲለበስ ግን እጅጌው ስር በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለው ልዩነት ነው። አሁን ሁለቱንም የእጅጌ ቁልፎቼን እዘጋለሁ። ትንሽ ነገር ነው፤ እኔን ግን በየቀኑ ደስ ይለኛል።

አንድ ስህተት እዚህም ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ያሰርኳት ናቶ በሚባለው የጨርቅ ማሰሪያ ነበር። ማሰሪያው ከሰዓቱ ሆድ ስር ነው የሚያልፈው። ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ድርብ ስለሆነ ሁለት ንብርብር ጨርቅ ሰዓቷን ከስር ከፍ ያደርጋታል። ቀጭን ሰዓት ገዝቼ ራሴው አወፈርኳት። በአራተኛው ወር ሁለት ክፍል ወደሆነ ተራ የቆዳ ማሰሪያ ቀየርኩ። ዝቅ ብላ ተኛች። ሌላ ሰዓት የገዛሁ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የተለወጠችው። ሰዓት "አልተስማማኝም" ብሎ ከመሸጥ በፊት ማሰሪያ መቀየር ይቀላል፣ ይረክሳልም። በነገራችን ላይ፣ አንጓ ከሰዓት በኋላና ሙቀት ሲሆን ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነው ቀዳዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንቃል። እኔ ለመለካትም ለመሞከርም ከሰዓት በኋላውን እመርጣለሁ።

ዓይንን የሚያታልሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የካኪዋ ፊት ዙሪያ ያለው ብረት ቀጭን ነው። ቀፎው በሙሉ ማለት ይቻላል ፊት ነው። ስለዚህ ከቁጥሯ ተለቅ ብላ ትታያለች። የጠላቂ ሰዓት ደግሞ በመስታወቱ ዙሪያ ወፍራም ተሽከርካሪ ቀለበት ስላለው ፊቱ ይጠባል። ነጭ ፊት ከጥቁር ፊት ሰፋ ብሎ ይታያል። አራት ማዕዘን ሰዓትማ ጭራሽ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ማዕዘኖቹ ቦታ ስለሚይዙ በተመሳሳይ ቁጥር ከክቡ ይገዝፋል።

ትልቁ አታላይ ግን ስልክ ነው። የስልክ ካሜራ ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ከቅርብ ሲያነሱበት ፊት ለፊት ያለውን ነገር ያገዝፋል። አንጓን ከአንድ ስንዝር ርቀት አንስቶ "በዛብኝ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ወደ ታች ሲያዩትም ያው ነው፤ ከዓይን ቅርብ ስለሆነ ሌላ ሰው ከሚያየው ይተልቃል። ሙሉ ሰውነት በሚያሳይ መስታወት ፊት ሁለት እርምጃ ርቆ እጅን ወደ ታች ለቆ መቆም ይሻላል። ትልቁን ሰዓት እንደዚያ አድርጌ ባየው ኖሮ ሁለት ዓመት አልለፋም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር የረዳኝ ካርቶን ነው። ካኪዋን ከመግዛቴ በፊት የጫማ ካርቶን በ38 ሚሊ ክብ ቆርጬ፣ ጆሮዎቹን ጨምሬ ርዝመቱን 47 አደረግኩት። በላስቲክ አንጓዬ ላይ አስሬ አንድ ማታ ቤት ውስጥ አመሸሁበት። ወንድሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ካርቶኑን አየሁት።

"ትክክለኛው መጠን ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም አይመቸኝም። ሮሌክስ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ተመልከቱ። ለአሥርተ ዓመታት 36 ሚሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 39 ሆነ። በ2021 ተመልሶ 36 ሆነ። በ2023 ደግሞ ባለ 40 ጨመሩበት። በ13 ዓመት ውስጥ የሰው እጅ እንዲህ አይወጣም አይወርድም። የሚወጣው የሚወርደው ፋሽኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አየር ኃይል በራሪዎች ያስሩት የነበረው ሰዓት 55 ሚሊ ነበር፤ ግን ከወፍራም ጃኬት በላይ ነው የሚታሰረው፣ ለስራም ነው። ለሸሚዝ አልተሠራም። ጭራሽ ስለ መጠን ማሰብ ያላስፈለገኝ ጊዜ ተማሪ ሆኜ ካሲዮ ኤፍ 91 ደብልዩ ሳስር ነው። 21 ግራም ናት። ታስራ እንደሆነ እንኳ ይረሳል።

ከ11 ወር በኋላ በካኪዋ የምቆጭበት አለ? ወፍራም ሹራብ ስለብስ ትጠፋለች፤ ያኔ ትንሽ ብትገዝፍ እላለሁ። ቀን አለማሳየቷም መጀመሪያ ላይ አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ስልኬን አያለሁ። መስታወቷ ላይ ጭረት የለም። በር ጋር የተጋጨችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን አስታውሳለሁ። የእጄ ጀርባ ላይ የነበረችው ቀይ ክብ ጠፍታለች።

ትልቁን ለመሸጥ አስቤ ነበር። ባለፈው ወር ወንድሜ መሳቢያ ሲበረብር አገኘውና አሰረው። የእሱን አንጓ ለካሁት፤ 19 ሳንቲሜትር። ጆሮዎቹ ጥርት ብለው ተኙለት፣ ክፍተት የለ፣ መዞር የለ። "የግድግዳ ሰዓት ነው ብለህ አልነበር?" አልኩት። "አንተ እጅ ላይ ነዋ" አለኝ፣ ሳያፍር። ወሰደው። እኔ በምስማር የበሳኋት ቀዳዳ አሁንም አለች። እሱ ከእሷ አምስት ቀዳዳ ርቆ ነው የሚያስረው።