የወይራ ዘይት ልትገዙ ነው? ብር ከመላካችሁ በፊት ጣሳውን አገላብጡት

«ኦሪጅናል ኤክስትራ ቨርጂን፣ 5 ሊትር፣ የጾም ቅናሽ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ በቴሌግራም ያላጋጠመው ሰው ያለ አይመስለንም። ኤክስትራ ቨርጂን ማለት የወይራ ዘይት ከፍተኛው ደረጃ ነው። ወገኖች፣ እዚህ ገበያ ውስጥ ለመታለል ዘይቱ የግድ ሐሰተኛ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ጣሳው ላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ የሚዋሸው ሻጩ ነው። ገዢው ደግሞ ትልቁን ጽሑፍ አይቶ ትንሹን ሳያነብ ይከፍላል።

ትልቁ ጽሑፍ «ኦሊቭ ኦይል» ይላል፣ የወይራ ዝንጣፊም ተስሎበታል። ከሥር ወይም ከጎን በደቃቅ ፊደል «ፖማስ» የሚል ቃል ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። በጣልያንኛ ከሆነ «ሳንሳ»፣ በስፓኒሽ ከሆነ «ኦሩሆ» ይላል፤ ሁሉም አንድ ነው። ወይራው ዘይቱን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ሄክሴን በሚባል ማሟሟያ ኬሚካል ይታጠባል፣ የወጣው ቅባት በፋብሪካ ይጣራል፣ ጣዕም እንዲኖረው ጥቂት ቨርጂን ዘይት ይጨመርበታል። ይህ ሕጋዊ ምርት ነው፤ በአግባቡ ከተጣራ መርዝም አይደለም፣ ለመጥበሻም ይሆናል። ችግሩ ዋጋው ነው። በኤክስትራ ቨርጂን ዋጋ ፖማስ መግዛት በበግ ዋጋ ቆዳውን ይዞ እንደ መመለስ ነው።

«ፒዩር»፣ «ክላሲክ»፣ «ላይት» የሚሉትም ኤክስትራ ቨርጂን አይደሉም። ጉድለት ያለበት ዘይት በፋብሪካ ተጣርቶ ሽታና ቀለሙ ከወጣ በኋላ ትንሽ ቨርጂን የተቀላቀለባቸው ናቸው። «ላይት» ማለት ስብ የቀነሰ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ የቀነሰው ጣዕሙና ቀለሙ ብቻ ነው፣ ካሎሪው ያው ነው።

ኤክስትራ ቨርጂን ለመባል ዘይቱ ከፍሬው በሜካኒካል መንገድ ብቻ መውጣት አለበት። በዓለም አቀፉ የወይራ ምክር ቤት መስፈርት ነፃ አሲዱ ከ0.8 በመቶ አይበልጥም፣ ፐሮክሳይዱ (ዘይቱ ከአየር ጋር ተነካክቶ ምን ያህል እንደተበላሸ የሚያሳየው ልኬት) ከ20 አያልፍም፣ የሠለጠኑ ቀማሾች ቀምሰውም አንድም የጣዕም ጉድለት አያገኙበትም። «ቨርጂን» ብቻ ለሚባለው አሲዱ እስከ 2 በመቶ ይፈቀዳል። «አሲዱ 0.3 ነው» እያለ የሚያሻሽጥ ነጋዴ ስታገኙ አትደነቁ፤ አሲዱ በምላስ አይለይም፣ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑም ዘይቱ ትኩስ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ሒሳቡንም ሥሩ። ለ1 ሊትር ዘይት ቢያንስ 5 ኪሎ ገደማ ወይራ ይጨመቃል፤ ቀደም ብሎ በአረንጓዴነቱ ከተለቀመ ከዚያም በላይ ነው። የለቃሚ፣ የመጭመቂያ፣ የጠርሙስ፣ የመርከብና የቀረጥ ወጪ ሲደመር በሱፐርማርኬት ከሚሸጠው በግማሽ ዋጋ የሚቀርብበት መንገድ የለም። «ከሀገራችን ወይራ የተጨመቀ ስለሆነ ነው የረከሰው» የሚላችሁም ካለ መጭመቂያው የት እንዳለ ጠይቁት። የእኛ ወይራ በእንጨቱና ወተት ዕቃ በሚታጠንበት ጭሱ ነው የተመሰገነው፤ ፍሬው ደቃቃ፣ ሥጋውም ስስ ነው።

ከሁሉ የከፋው በጀሪካንና በውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጠው ነው። በ1981 በአውሮፓ አቆጣጠር ስፔን ውስጥ ለፋብሪካ ሥራ ተብሎ አኒሊን የተጨመረበት የጎመን ዘር ዘይት እንደገና ተጣርቶ፣ መለያ በሌለው 5 ሊትር ፕላስቲክ እየተሞላ «የወይራ ዘይት» ተብሎ በየቤቱ በር ተሸጠ። 20 ሺህ ገደማ ሰው ታመመ፣ ከ300 በላይ ሞተ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ለዓመታት በነርቭና በጡንቻ ሕመም ተሠቃዩ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለሸማች የሚቀርብ የወይራ ዘይት ከ5 ሊትር በማይበልጥ፣ አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ በማይታሸግ ዕቃ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ «ከአውሮፓ የመጣ ነው» እየተባለ በ20 ሊትር ጀሪካን ወይም ቀለበቱ በተቆረጠ ክዳን የሚቀርብላችሁ ዘይት አንድ ሰው በመንገድ ላይ ነካክቶት ሊሆን ይችላል። አረብ ሀገርና እስራኤል ያላችሁም ከመንገድ ዳር በኮካ ጠርሙስ የሚሸጠውን ተዉት። በክሎሮፊል አረንጓዴ የተደረገ የአኩሪ አተር ዘይት ለዓይን ከወይራው አይለይም።

ጠርሙሱ የታሸገ ሆኖም ሊያታልል ይችላል። በ2023 መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ስፔንና ጣልያን ውስጥ 11 ሰዎች መያዛቸውንና 260 ሺህ ሊትር ለምግብ የማይሆን ዘይት መወረሱን አስታውቋል። ስለዚህ መለያው ላይ አራት ነገር ፈልጉ። አንደኛ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለው ሙሉ ስም። ሁለተኛ የወይራው ሀገር፤ «ጣልያን ታሸገ» እና «የጣልያን ወይራ» አንድ አይደሉም፣ እዚያ የሚታሸገው ብዙ ዘይት ከስፔን፣ ከግሪክ ወይም ከቱኒዚያ የሄደ ነው። ሦስተኛ የባች ቁጥር፣ ማለትም ዘይቱ የታሸገበትን ዙር የሚለይ ቁጥር። አራተኛ ቀን፣ ከተገኘም የለቀማው ቀን። የወይራ ዘይት እንደ ወይን እያደረ አይሻሻልም። የመጠቀሚያ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከታሸገ ከ18 እስከ 24 ወር ነው፤ ያም በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ። ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነጭ ጠርሙስ ቀኑ ባያልፍም አርጅቷል። ጥቁር ጠርሙስ ወይም ጣሳ ምረጡ፣ ከመደርደሪያው ኋላ አውጥታችሁ ውሰዱ።

በነገራችን ላይ በፋርማሲና በኮስሞቲክስ ቤት በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ለቆዳና ለፀጉር የተዘጋጀ ዘይት ወጥ ውስጥ አትጨምሩ። ሽቶ ወይም የማዕድን ዘይት ሊኖርበት ይችላል። «ለውጭ አካል ብቻ» የሚል ከተጻፈበት ነገሩ ያለቀ ነው።

አሁን ወደ ቤት መሞከሪያዎቹ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ መርጋቱ ምንም አያረጋግጥም፤ የሚረጋ እውነተኛም ሐሰተኛም አለ። በጥጥ ክር ማንደድም ዋጋ የለውም፤ የምግብ ዘይት ሁሉ ይነዳል። ቀለም ደግሞ ጭራሽ አይታመንም፤ የሙያው ቀማሾች ቀለሙ እንዳያሳስታቸው በሰማያዊ ብርጭቆ ነው የሚቀምሱት።

የሚሠራው አፍንጫና ጉሮሮ ነው። በሲኒ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርጉ፣ በአንድ መዳፍ ከታች እየሞቃችሁ በሌላው አፉን ለደቂቃ ክደኑ። ከፍታችሁ አሽትቱ፤ አዲስ የታጨደ ሣር፣ የቲማቲም ቅጠል ወይም ጥሬ ፍሬ መሽተት አለበት። ከዚያ ጥቂት ፉት ብላችሁ በጥርሳችሁ መሃል አየር ሳቡና ዋጡት። ምላስ ላይ መረር፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆንጠጥ ካደረገና ካሳላችሁ ደህና ነው፤ የሚቆነጥጠው ኦሊዮካንታል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ጉሮሮ ያቃጠለውን «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል፣ ለስላሳውንና ያረጀውን «ይህ ነው ጥሩው» ብሎ ያስቀምጣል። የሰነበተ ኦቾሎኒ፣ ሻጋታ ወይም ኮምጣጤ ከሸተተ ኤክስትራ ቨርጂን አይደለም። ምንም ካልሸተተና አፍ ውስጥ ቅባት ብቻ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የተጣራ ዘይት ነው የተሸጠላችሁ።

ኩሽናም ያጋልጣል። በርበሬና ቁሌት ለረጅም ሰዓት በሚንተከተክበት ወጥ ውስጥ ጥሩውም መጥፎውም አይለይም፣ መዓዛው በሙቀት ይተናል፤ ስለዚህ ለቁሌት የተለመደውን ዘይት ተጠቅማችሁ ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። ኤክስትራ ቨርጂን እሳት አይችልም የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። የሚጨሰው ከ190 እስከ 210 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መካከለኛ እሳት ላይ ሽንኩርትና ዓሣ ያለ ችግር ይጠብሳል። ገና ሳይግል የሚጨስ ከሆነ ያረጀ ወይም የተቀላቀለ መሆኑን ጠርጥሩ።

እውነተኛው ፈተና ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ለአዚፋ 2 ኩባያ የተቀቀለ ድፍን ምስር ውኃው በደንብ ጠፍፎ ለብ እስኪል ይቀመጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ጨው ገብቶ በመጨረሻ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይፈስበታል። ምስሩ ውኃ ከያዘ ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ መጥፎ ከሆነ ሎሚውም ሰናፍጩም አይሸፍነውም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ድልህ ወይም ማዮኔዝ በሚክሰር ስትመቱ ዘይቱን አብራችሁ አታሽከርክሩ። ጥሩ ዘይት በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ መራራ ይሆናል፤ ያ የሻጩ ጥፋት አይደለም። በእጅ አዋህዱት።

ጣፋጭ ላይ ደግሞ ሽታው በግልጽ ይወጣል፣ ምክንያቱም የሚሸፍነው ቅመም የለም። ለጾም የብርቱካን ኬክ 200 ግራም ዱቄት፣ 170 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና የተፋቀ የብርቱካን ልጣጭ ጨምራችሁ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ። ወዲያው 180 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። ሊጡ ከቆየ ሶዳው የፈጠረው አየር ያልቃል፣ ኬኩ ይቀመጣል፤ አብዝታችሁ ካማሰላችሁ እንደ ዳቦ ይጠነክራል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሶዳውን ወደ 3/4 የሻይ ማንኪያ ቀንሱ፤ አለዚያ ቶሎ ተነፍቶ መሃሉ ይሰምጣል። በፍስክ ኬክ ውስጥ ቅቤውን በዘይት ልትተኩ ከሆነ 100 ግራም ቅቤ ለሚለው 85 ሚሊ ሊትር ዘይት በቂ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ከስኳር ጋር አየር አይዝም፣ የሚመታው እንቁላሉና ስኳሩ ነው። ፖማስ ብትጨምሩም ኬኩ ይነሣል፤ ከሱፍ ዘይት የተለየ ጣዕም ግን አይሰጥም፣ ስለዚህ ያን ሁሉ ብር ለምን?

ከተታለላችሁ ዘይቱን አትድፉት። ከጠርሙሱ ጋር አስቀምጡ፣ የባች ቁጥሩን፣ ቀኑንና የአስመጪውን ስም ፎቶ አንሡ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። ደረሰኝ ካላችሁ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጣል። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ጠቁሙ። ደረሰኝ አልሰጥም ከሚል ሻጭ ደግሞ ሲጀመር አትግዙ። የገዛችሁት ጥሩ ሆኖ ከተገኘም ከምድጃው አጠገብ አታኑሩት፤ ክዳኑ ተገጥሞ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ከተከፈተ በ2 ወይም በ3 ወር ይለቅ። ሁለት ሰው ላለበት ቤት ከ5 ሊትሩ ግማሽ ሊትሩ ይሻላል።