የላይብረሪ ሪሰርች ሽልማት፦ ማመልከቱ ያዋጣል ወይ?

አሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን የምትማሩ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ ለተማሪ ምርምር ሽልማት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። በርክሌይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም አለው፣ ሌሎችም ብዙ ናቸው። እኔም በተማርኩበት ቦታ አመልክቼ ነበር። የኛ ልጆች ግን ሲያመለክቱ ብዙም አላይም፣ በጣም የሚቆጨኝም እሱ ነው።

አዲስ ወረቀት መጻፍ የለም። ለኮርስ የሠራችሁትን ታስገባላችሁ፣ ከሱ ጋር የዋቢ ዝርዝር፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤና ምርምሩን እንዴት እንደሠራችሁ የምትተርኩበት አጭር ጽሑፍ። ገንዘቡ ብዙ ቦታ ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው።

ዋናዋ ያቺ አጭር ጽሑፍ ናት። ዳኞቹ የወረቀቱን ጥራት ብቻ አይደለም የሚያዩት። መረጃውን ከየት አመጣኸው፣ ምን ፈልገህ አጣህ፣ ስታጣ ወዴት ዞርክ፣ የትኛውን ምንጭ ለምን ተውከው፣ ይሄን ነው ማወቅ የሚፈልጉት። እዚህ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ተማሪ ከማንም በላይ የሚያወራው አለው። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚጽፈው ልጅ አንድ ቃል ሲጽፍ መጽሐፍ ይጎርፍለታል፣ የኛ ጉዳይ ግን ቁፋሮ ነው።

የኔ ርዕስ በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ ቻሌንጅ የሚባለውን መጽሔት ያወጣ የነበረው። ካታሎጉ ላይ በአማርኛ ስጽፍ ምንም አይመጣም። እዚህ ያሉ ላይብረሪዎች የአማርኛ መጻሕፍትን አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ነው የሚመዘግቡት፣ ያውም እኛ ቴክስት ስንላላክ እንደምንጽፈው ሳይሆን በራሳቸው ሕግ። «ዘመን» ስንጽፍ እኛ e የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል አስገብተን zemen እንላለን፣ እነሱ ግን በ a ነው የሚጽፉት፣ zaman ብለው። በዚች በአንዲት ፊደል ምክንያት መጽሐፉ እያለ የለም ብላችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ! ስምም እንደዛው ነው። ካታሎጉ ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ያስቀምጣል፣ ዋቢ የሚያዘጋጁት ሶፍትዌሮች ደግሞ ገልብጠው በአባቱ ስም ይጠሩታል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን በእጅ ማስተካከል ነው።

ይሄን ሁሉ ያሳዩኝ ላይብረሪያኗ ናቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እየጻፍን እየሰረዝን አብረን ፈለግን፣ እኛ ጋ የሌሉትን እትሞች ደግሞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በውሰት አስመጡልኝ፣ ያለ አንድ ሳንቲም። ለዚህ አገልግሎት አምስት ኮከብ ያንሰዋል።

ለማመልከቻው ግን ሦስት ነው የምሰጠው። ጥሪው ተማሪው ጋ የሚደርሰው ጸደይ ላይ ነው፣ ወረቀቱ የተጻፈው ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር። ከወራት በፊት የትኛውን ቃል ጽፌ ምን እንዳገኘሁ ማን ያስታውሳል? መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ ቢነገር ስንቱ ተማሪ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ደብዳቤው ደግሞ ይብሳል። መምህሩ በሌላ ሊንክ ለብቻው ነው የሚልከው፣ ደረሰ አልደረሰ ለተማሪው የሚነግረው የለም። እስከ መጨረሻው ቀን ልቤ እንደተንጠለጠለ ነው የቆየሁት። አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃ ነበር።

ሽልማቱን አላገኘሁም። ያቺን ጽሑፍ ግን በኋላ ለማስተርስ ሳመለክት አውጥቼ ሠራሁባት፣ ምርምር እንዴት እንደምሠራ በራሴ ቃል የጻፍኩት ሌላ ነገር አልነበረኝምና። ስለዚህ አዎ፣ ያዋጣል።

የምታመለክቱ ከሆነ ከአሁኑ ፋይል ክፈቱና የፈለጋችሁትን ቃል፣ ቀኑንና ያገኛችሁትን እዛው መዝግቡ፣ ባዶ የወጣውንም ጭምር። የአማርኛ ምንጭ ከተጠቀማችሁ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚታመን በአንድ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፣ ዳኞቹ አማርኛ ላያነቡ ይችላሉ። መምህራችሁን ደግሞ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀነ ገደቡ ሲቃረብም ልከው እንደሆነ በትሕትና አስታውሷቸው። አይቀየሙም፣ ለምደውታል።