«የእውነተኛነት መቶኛ» ለማይሸጠው የቪዲዮ ባለሙያ ምስጋና

የመመረቂያ ጥናቴን የቃለ መጠይቅ ቪዲዮዎች ይዤ ስንከራተት ለደረሰልኝ የቪዲዮ ኮዲንግ (በቪዲዮ ላይ የሚታየውን ባህሪ በምልክት መመዝገብ) ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሰው። ፈቃዱን ስላልጠየቅኩ ስሙን አልጽፍም፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር አገናኛለሁ።

እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ሌላ ቦታ ከፍዬ አሠርቼ ነበር። የሰጡኝ በእያንዳንዱ ተጠያቂ ትይዩ «እውነተኛነት» ተብሎ መቶኛ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ነው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አማካሪዬ «ይህ ቁጥር ከምን መጣ?» ሲሉኝ ግን አፌ ተያዘ።

ይህ ልጅ ሠንጠረዡን ወደ ጎን አድርጎ እነዚያ ሰዎች የመለሱልኝን ቅጂ ከፈተ። መጀመሪያው ላይ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን የተጠያቂዋ ከንፈር ተዘግቶ ድምፅዋ ገና ይናገራል! ለካ ስልክ ብርሃን ሲያንሰው በሴኮንድ የሚያነሳውን ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀንሳል፤ ብዛቱን ሁሌም እኩል አድርጎ የሚቆጥር ሶፍትዌር ሲገጥመው ምስሉ ከድምፁ እየቀደመ ይሄዳል። «ከመመለሷ በፊት ዝም አለች» ብዬ የመዘገብኩት ሁሉ ገደል ገባ። ኦሪጅናሎቹን ሳይነካ፣ ቅጂዎቻቸውን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም በሴኮንድ ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀየረልኝ። አሁን አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው፣ አለቀ።

ኮዲንጉን በኢላን ሠራነው፤ የማክስ ፕላንክ ተቋም በነጻ የሚሰጠው ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ አስጨንቆኛል። «ዓይኗን ሰበረች» የሚል ኮድ ነበረኝ። «ይህ ያየኸው ነው ወይስ የፈረድከው?» አለኝ። «እይታዋ ከጠያቂው ፊት ወርዶ ከ1 ሴኮንድ በላይ ቆየ» እስክል ድረስ አልለቀቀኝም። ከዚያ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ኮድ አደረጉ፤ ስምምነታቸውን በኮኸን ካፓ ለካው፣ በአጋጣሚ የሚገጥመውን ስምምነት የሚቀንሰው መለኪያ ማለት ነው። የመጀመሪያው ውጤት ስለሚያሳፍር እዚህ አልጽፈውም።

«ቢያንስ ሶፍትዌር ፈገግታዋ ከልብ መሆኑን አይለይም?» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረና ዓይኑ ጥግ ሽብሽብ እስኪል ፈገግ አለ። የፊት እንቅስቃሴ የሚለይ ሌላ ሶፍትዌር፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን በ1978 ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ ኮድ 6 ቁጥርን (ጉንጭ ወደ ላይ) እና 12 ቁጥርን (የከንፈር ጥግ መሳብ) መዘገበ፤ «የእውነት ፈገግታ» የሚባለው ጥምረት። «ደስ ብሎኝ ይመስልሃል? ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እያመመኝ ነው» አለኝ። ጡንቻው መንቀሳቀሱን ይነግርሃል፣ ለምን እንደተንቀሳቀሰ ግን አይነግርህም። ሰውም ቢሆን ያን ያህል አይመካም፤ ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ ውሸትን ከእውነት የመለየት አማካይ ችሎታ 54 በመቶ ነበር።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም። የተሳታፊዎችን የፈቃድ ቅጽ ሳያይም አንድ ፋይል አይከፍትም። ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቴሌግራም ተጨምቆ የተላከ ቪዲዮ ካመጣችሁ ይመልሳችኋል። እኔን ሁለት ጊዜ መልሶኛል።