ሰርቨራችሁ አልነሳ ላላችሁ የጅማ ሰዎች፦ ይህን ልጅ ጥሩት

የምሠራው ሂርማታ አካባቢ፣ ከገበሬዎች ቡና በሚረከብ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሒሳብ ክፍል። ኅዳር ላይ፣ እሸት ቡና በገፍ በሚገባበት ሰሞን፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አደረና ጠዋት ሰርቨሩ (የድርጅቱ መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) አልነሳ አለን። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ከፊት ለፊት ያለችው መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። የማን ቡና ስንት ኪሎ እንደገባ፣ ለማን ተከፍሎ ለማን እንደቀረ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ባክአፕ ካደረግን 3 ሳምንት አልፎናል። ገንዘባቸውን ሊወስዱ የመጡት ገበሬዎች ደግሞ በር ላይ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የጠራነው ባለሙያ ዲስኮቹን ነቃቅሎ መለሳቸውና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ፣ ዳታውን እርሱት» ብሎን ሄደ። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠቆመችኝ። መጣ፤ ግን መፍቻ አላወጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እህቴ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህስ ማን ምን ነካ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዲስኮቹ እንደተነቀሉ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው ነጭ ፕላስተር ቆርጦ በሦስቱ ዲስኮች ላይ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ጻፈባቸው፣ በስልኩም ፎቶ አነሳቸው።

ከዚያ ሁለቱንም የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ተጭኖ ቆየ፣ የሳጥኑን ብረት ነክቶ እጁን አስገባ። ራሞቹ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርዶች) 4 ናቸው። ሁሉንም አውጥቶ አንዷን ብቻ መልሶ ከፈተው። ስክሪኑ በራ! እኔ ስጮህ እሱ ገና ነው ብሎኝ ሁለተኛዋን ጨመረ፤ ደህና። ሦስተኛዋ ስትገባ ጨለመ። ያቺኑ ወደ ሌላ ቦታ አዛወራት፣ እዚያም እምቢ አለች። በእሷ ቦታ ደግሞ ደህናዋን አስገባ፤ ሠራ። «ቦታው ጤነኛ ነው፣ የሞተችው ራሟ ናት» አለኝ። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር። አዲስ ሰርቨር ልንገዛ ነበር እኮ!

የሰርቨሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ስላገኘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን፣ ሰዓቱን የምታቆየውን የሳንቲም ባትሪ ለካት። 3 ቮልት መሆን ሲገባት 2 ከምናምን ላይ ወርዳለች። እሷንም ቀየረ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዲስኮቹ ተነቅለው ስለነበር ባዕድ አድርጎ የቆጠራቸው መልእክት ስክሪኑ ላይ መጣ። ለማለፍ ስቸኩል እጄን ያዘኝ። አንደኛው ምርጫ በዲስኮቹ ላይ ያለውን የሬይድ አደረጃጀት (ዲስኮቹ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበትን) ይቀበላል፣ ሌላው ይሰርዘዋል። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ የዲስኮቹን ቁጥር ከፎቶው ጋር አስተያየ፣ ከዚያ «ኢምፖርት» የሚለውን መረጠ። ዊንዶውስ ተነሳ፤ ሒሳባችን አንድም ሳይጎድል አለ። ሌላ ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ያደረገው ዳታውን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነበር።

ያስከፈለን የባትሪዋንና የድካሙን ብቻ ነው። ራም መሸጥ ሲችል «በ3ቱ ትሠራላችሁ፣ ገንዘቡን ለዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኃይል ለሚሰጠው ሳጥን) ባትሪ አውሉት፣ እሱ ደክሟል» አለን። የተበላሸችውን ራም እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ ገንዘባቸውን ወሰዱ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ገለቶሚ!

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሱ እስኪደርስላችሁ ግን ዲስክ አትንቀሉ፣ ማንንም ፎርማት አታስደርጉ።